ለቁራ የሚነድ እሳት

ቶርጉን ኔስቪክ በር ሳትዘጋ ያለፈችበት ቀን የለም። የሰው በር ቢሆን እንኳ ተመልሳ ትዘጋዋለች። የአውቶቡሱ ሾፌር በሩን ከፍቶ ሲያመነታ ከኋላ ወንበር ሆና «ምነው፣ ለቁራ ነው እንዴ የምታሞቀው?» ብላ ትጮህበታለች፤ እሱም የከተማችን የሃውግስቪክ ልጅ ነውና አይቀየማትም፣ እናቱ በልጅነቱ ስንት ጊዜ እንዳለችው ያውቃል። በኛ ፊዮርድ ዳር፣ ባሕሩ በተራሮች መካከል ገብቶ በተኛበት፣ የተወለደ ልጅ ከገዛ ስሙ ቀጥሎ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ በር ከፍቶ የሚሄድ ሰው ምድጃውን የሚያነደው ለቤተሰቡ ሳይሆን ውጭ ለሚያንዣብበው ቁራ ነው።

ቶርጉን ይህን አባባል ከማንም አብልጣ የያዘችው በአባቷ ምክንያት ነው። ፔዴር ሠላሳ ስድስት ዓመት በከተማችን የሲሊከን ማቅለጫ ፋብሪካ እቶን ፊት ቆሞ ኖረ። ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ጀርባው ግን በፊዮርዱ ንፋስ ደርቆ ነበር የሚገባው። እራት ላይ ሹካውን ያስቀምጥና በመስኮት ወደ ፋብሪካው ጣሪያ ይጠቁማል። በረዶ መንደሩን ሁሉ ሲያለብስ ያ ጣሪያ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ቁራዎቹም እዚያ ላይ ተደርድረው ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ።

«አያችኋቸው? ከምናነደው ግማሹ ለሲሊከኑ ነው፣ ግማሹ ለነሱ» ይላል ፔዴር። «ደግሞ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብለው አያውቁም።»

ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሱ ግን አይስቅም ነበር። ያ ሁሉ ሙቀት ፊቱን እየጠበሰው አልፎ ሰማይ ላይ ሲበተን ማየት እስኪሞት ድረስ አንጀቱን አሳርሮታል።

ቶርጉን በሃያ አራት ዓመቷ አባቷ በወጣበት በር ገባች። ሠላሳ አምስት ዓመት ማፍሰሻው ላይ ሠራች። የቀለጠው ሲሊከን ከግዙፉ ባልዲ ወደ አሸዋው መደብ ሲወርድ ቀለሙን አይታ ብቻ መሙቀቱን፣ መቀዝቀዙን ትናገራለች፤ መሣሪያ ይዘው የሚመጡት ለክተው ሲጨርሱ እሷ ያለችውን ነው የሚያገኙት። ከዚያ ቀኝ ትከሻዋ ከዳት። ሐኪሙ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሺ አላት፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሃልቫር ደግሞ ቢሮው ጠራት።

ሃልቫር ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድቦ መውጣት ይቻላል። እሱ ግን እጁን እያፋተገ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ቶርጉን፣ ብዙ ደክመሻል። አሁን እንኳ ዕረፊ። ጡረታ እኮ ነውር አይደለም» አላት።

«ጡረታ የቁራ ሥራ ነው» አለችው። «ሳይሠሩ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ መሞቅ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲረግማቸው የኖራቸውን ልሁን?»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ልቧ ግን ፈርቷል። ሥራ ከሌላት የሚቀራትን ታውቀዋለች። አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ ጣሪያው፣ ጣሪያው ላይ ቁራዎቹ፤ ያ ነው የሚቀራት።

ያዳናት ቱቫ ናት። ቱቫ ከትሮንድሄም ከተማ የመጣች ተመራማሪ ስትሆን፣ ቀጭን፣ ችኩል፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ እርሳስ የምትፈልግ ሴት ነበረች። በከባድ መኪና አስጭና ያመጣችው ነገር የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ የሚያህል ብረት ነው። ፊቱ ጥቁር፣ ጀርባው ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ የአልሙኒየም ክንፎች አሉት። በፊቱና በጀርባው መካከል የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ ጠፍጣፋ ጡቦች በመቶዎች ተሰድረዋል። ይህ ሰሌዳ ማፍሰሻው አጠገብ ቆሞ የሚባክነውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል ተባለ። ፊቱን ከአቧራ የሚጠርግና ቁጥሩን የሚከታተል ሰው አስፈለገ፤ ሃልቫርም እፎይ ብሎ ቶርጉንን መደበ።

በመጀመሪያው ቀን ቱቫ አንዷን ጡብ ከኪሷ አወጣች። ጡቧ ላይ ሁለት ሽቦዎች፣ ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ የወረቀት ማራገቢያ ያላት ትንሽ ሞተር ነበረች።

«መዳፍሽን ዘርጊ» አለቻት።

ጡቧን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ምንም አልሆነም። ከዚያ ቱቫ ከዕረፍት ክፍሉ ማቀዝቀዣ ቆንጥራ ያመጣችውን በረዶ ጡቧ ላይ ጣል አደረገችው። ማራገቢያዋ ትንሽ አመነታችና ዞረች። ፈጥና ዞረች።

«ያንቺ ሙቀት ነው» አለች ቱቫ። «ጡቧ ውስጥ ያለው ማዕድን አንድ ጎኑ ሲሞቅ፣ ሌላው ጎኑ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የሚጮህ የለ፣ የሚጨስ የለ፣ ነዳጅ የሚጠጣ የለ። ሙቀት ብቻውን ሰነፍ ነው፣ ታውቂያለሽ? ወደ ብርድ ሲሮጥ ነው በመንገዱ ላይ ሥራ የምናሠራው።»

ቶርጉን አልሰማቻትም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ መዳፏን ታያለች፤ አባቴ ይህን አይቶ ቢሞት ኖሮ ትላለች በልቧ። መዳፏን አየች፣ ማራገቢያዋን አየች፣ በረዶውን ግን ልብ አላለችውም። ክረምቱን ሙሉ ያስለቀሳት ይህ ነው።

መስከረም ላይ፣ ሰሌዳው በተተከለ በሦስተኛው ቀን፣ መጀመሪያ ሲፈስ ቁጥሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዋት አሳየ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ሃልቫር ሳይቀር ከቢሮው ወርዶ አጨበጨበና ወዲያው ጭብጨባውን በወረቀት አሰረው፤ እስከ የካቲት ሁለተኛ ዓርብ ድረስ ሲሊከኑ አንድ ጊዜ ሲፈስ ሰሌዳው አንድ ሙሉ ሰዓት ከአንድ ሺህ ዋት ሳይወርድ ከሠራ ይቀጥላል፣ ሌሎችም ይታዘዛሉ። ካልሆነ ተነቅሎ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ቶርጉንም ቤቷ ትገባለች።

«ለምን አንድ ሺህ?» አለ ከላይ ከክሬኑ ክፍል አርንፊን። አርንፊን ባልዲውን የሚያንቀሳቅስ የክሬን ነጂ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ከላይ ወደ ታች ሲያይ ስለኖረ ምላሱም ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

«የዋፍል መጋገሪያዬ ታች የተጻፈው ቁጥር ስለሆነ» አለች ቶርጉን። እውነትም ቁጥሩን የመረጠችው እሷ ነበረች። ዓርብ ዓርብ ለፈረቃው ዋፍል፣ በሁለት የጋለ ብረት መካከል የሚበስለውን ጣፋጭ ቂጣ፣ የምትጋግረው እሷ ናት፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም ዓርብ አላስታጎለችም።

«ያ ጥቁር ሰሌዳ አንዲት ዋፍል ከጋገረ፣ እኔ ከዚህ ወርጄ ሳህን አጥባለሁ።»

ሁሉም ሳቀ፤ አርንፊን የገዛ ኩባያውን እንኳ አጥቦ አያውቅም።

ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጠና ቁጥሩ ወረደ። አንድ ሺህ ሃምሳ፣ ዘጠኝ መቶ፣ ሰባት መቶ ሰማንያ። ቱቫ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ሰሌዳውን ትፈታለች። ጡቦቹ ጀርባቸው እንደሞቀ ቀርቷል፤ ስለዚህ ጡቦቹንና ክንፎቹን የሚያገናኘው ቅባት ደርቋል ብላ ሁለት ጊዜ ቀየረችው። ቁጥሩ ግን ከነአካቴው ተኛ። ቶርጉን ደግሞ በምታውቀው መንገድ ታገለች። የሲሊከኑን ነጭ አቧራ ከሰሌዳው ፊት ላይ በየሰዓቱ በብሩሽ ጠረገች። ወደ ማፍሰሻው አንድ ክንድ አስጠጋችው። ሙቀቱ እንዳይሸሽባትም ከሰሌዳው ጀርባ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ ወደ ፊዮርዱ የሚያስወጣውን የብረት በር እየተከታተለች ዘጋች። ፎርክሊፍት ነጂዎቹ ከፍተውት ሲያልፉ በፋብሪካው ጫጫታ ላይ ድምፅዋ ይሰማል፤

«በሩን! ለቁራ ነው እንዴ የምታሞቁት?»

ጥር ላይ ስድስት መቶ ደረሰ። የሚያፌዘው በዛ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላታል አርንፊን በየጠዋቱ፤ የሰላምታው ምትክ ይኸው ሆነ። ይባስ ብሎ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገኘ። ቶርጉን ዕረፍት በወጣችባቸው ቀናት ሰሌዳው ስምንት መቶ ሃምሳ ይሰጣል። ስትመለስ ስድስት መቶ።

«ዓይንሽ ነው» አለ አርንፊን። «አፍጥጠሽ ስታዪው ይፈራል። እኔም ብሆን እፈራለሁ።»

«ዝም በል፣ አንተ ወፍ!»

አለችው እንጂ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ሠላሳ አምስት ዓመት እቶን ያላስለቀሳት ሴት፣ ብረት ጠላኝ ብላ አለቀሰች። ሰው እርጅናን የሚፈራው ለካ ጉልበቱ ስለሚደክም አይደለም፤ የያዘው ነገር ሁሉ በእጁ ሲበላሽ በገዛ እጁ ላይ እምነቱን ስለሚያጣ ነው።

የካቲት ሁለተኛው ሐሙስ ቱቫ መጣች፤ ቀነ ገደቡ በማግስቱ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የፈሰሰው ሲሊከን መደቡ ላይ ገና እየነደደ፣ ቱቫ ላፕቶፗን ሳጥን ላይ አስቀምጣ ከፈተች።

«ቶርጉን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪ።»

«መጀመሪያ ጠይቂ፣ ቁጣውን ኋላ አስብበታለሁ።»

ስክሪኑን አዞረችላት። አንድ መስመር እንደ ተራራ ሲወጣ ሲወርድ ይታያል። «ሌሊት ሌሊት ደህና ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ግን ዱብ ይላል። ትናንትም አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ከትናንት ወዲያም። ቅዳሜና እሁድ ግን አይወርድም።»

አርንፊን ከክሬኑ መሰላል ላይ አንገቱን አወጣ። «ቅዳሜና እሁድ ማን እንደማይገባ ልንገርሽ?»

«አንተን ማን ጠየቀህ!» አለች ቶርጉን፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር።

«አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች ቱቫ።

«እገባለኋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለዚህ ክሬን ላይ ለተሰቀለው ሰነፍ እጄን አወዛውዝለታለሁ፣ የምሳ ሳጥኔን አስቀምጣለሁ፣ ብሩሼን አነሳለሁ። ሌላ ምን አለ?»

«አሳዪኝ። ከውጭ ጀምሪ።»

ቶርጉን እያጉረመረመች በብረቱ በር ወጣች። ቱቫ ፎርክሊፍቶቹ ከፍተው የተዉትን በር እንደተከፈተ ትታ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች፤ ስምንት መቶ አርባ ሁለት ይላል። ቶርጉን ገባች። ለአርንፊን እጇን አወዛወዘች። ባለችበት ሳትዞር፣ ሳታይ፣ ሳታስብ፣ ዳሌዋን ወደ ኋላ ወርወር አደረገች። ጓ! በሩ ተዘጋ። የምሳ ሳጥኗን አስቀመጠች፤ ብሩሿን አነሳች።

«ይኸው» አለች። «ይቺው ናት።»

ቱቫ ስክሪኑን በጣቷ አሳየቻት። ስምንት መቶ ሃያ። ሰባት መቶ ዘጠና። ሰባት መቶ ስድሳ። ቁጥሩ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይወርዳል።

«በሩን ክፈቺው» አለች ቱቫ ቀስ ብላ።

ቶርጉን ከፈተችው። የፊዮርዱ ንፋስ ገብቶ የአልሙኒየሙን ክንፎች እያፏጨ አለፋቸው። ሰባት መቶ ስድሳ። ሰባት መቶ ዘጠና። ስምንት መቶ ሠላሳ።

ቶርጉን ክው ብላ ቀረች። መዳፏ ላይ የቀለጠችው ያቺ ቁንጥር በረዶ አሁን ነው ትዝ ያለቻት። ሰሌዳው የሚፈልገው ሙቀት ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው ብርድ ይፈልግ ነበር። እሷ ደግሞ ያንን ብርድ በየጠዋቱ በገዛ ዳሌዋ ስትዘጋበት ከረመች። የሚራራለት ሰው ሆና ጉሮሮውን አንቃ ይዛው ኖራለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ክረምቱን ሙሉ እኔ ነኝ።»

«እኔም አለሁበት» አለች ቱቫ ፊቷን በእጇ ሸፍና። «ንፋሱን የለካሁት መስከረም ላይ ነው። ያኔ እዚያ ጋ በር አልነበረም።»

«ለብየዳ ሄዶ ነበር!» አለ አርንፊን ከላይ። «ጥቅምት ላይ ነው የተመለሰው። አይ ቶርጉን! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። እኛን በር ዝጉ እያልሽ ጉሮሮሽ እስኪነቃ ስትጮሂ!»

ቶርጉን ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። አባቷን ተቆጣችው። ምን ያለ ነገር ነው ያስተማርከኝ አለችው በሆዷ፤ አንተ ራስህ ስታዝንለት የኖርከውን ሙቀት መያዣው ሲገኝ፣ ቃልህ እንቅፋት ይሁን? ከዚያ ሳቋ መጣ። ትከሻዋ እስኪያማት ሳቀች፤ የሚስቀው ሰው ሁሉ አብሯት ሳቀ፣ ስለምን እንደሚስቁ የማያውቁት ሳይቀሩ።

ሳቅ ግን ልማድን አይሽርም፤ እሷ ባለችበት በር መዝጋትን ሁሉም ከጩኸቷ ለምዶታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቶርጉን በሩን በገመድ አሰረችው፤ አንዱ ፈትቶ ዘጋው። «ክፍት ይሁን» ብላ በትልቁ ጽፋ ለጠፈችበት፤ ሌላው ጽሑፉን እያነበበ ዘጋው። እየቆጠረች አሥራ አራት ጊዜ ከፈተችው፣ አሥራ አራት ጊዜ ተዘጋ። ሁሉም ይቅርታ ይላል፣ ሁሉም «ኧረ ሳላስበው ነው» ይላል። ሃልቫር ራሱ መጣ። ቶርጉን የሆነውን ሁሉ አስረዳችው፤ ጥሩ አድርጎ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «በጣም የሚገርም ነው፣ ነገ እንግዲህ በሩን የሚነካ ሰው እንዳይኖር» አለና ወጣ። ሲወጣ ዘጋው።

ቶርጉን በሩን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ክሬኑን አየችው።

ዓርብ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር። ቶርጉን የመጣችው በአንድ እጇ የዋፍል ሊጥ የሞላ ማሰሮ፣ በሌላው የአባቷን መዶሻ ይዛ ነው።

«አርንፊን! ሰንሰለቱን ወዲህ አምጣው።»

«ወዴት?»

«በሩ ጋ።»

«ፈቃድ አለሽ?»

«መዶሻ አለኝ።»

አርንፊን መዶሻውን አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ወረቀት አንድ ሚስማር አንስቶ አያውቅም። ደግሞ ቶርጉንን እያየ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ክሬኑ አቃስቶ ተንቀሳቀሰ።

ቶርጉን ሰንሰለቱን መዝጊያው ላይ ጠመጠመች። ቀኝ ትከሻዋ እሺ ስላላላት በግራ እጇ መታች። የላይኛው የማጠፊያ ዘንግ በስድስተኛው ምት ወጣ። የታችኛው ዝጎ ስለነበር አስቸገረ፤ ሰደበችው፣ መታችው፣ ደግማ ሰደበችው፣ ወጣ። መዝጊያው እንደ ሰካራም ተወዛወዘና ተነሳ። አርንፊን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ይዞት ሄደና ከግድግዳው ጥግ አጋደመው። በሩ በነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን የፊዮርድ ሰማይ ቀረ።

«ብርድ ገደለን!» አለ ከወደ መደቡ አንዱ።

«ሹራብ ልበስ!» አለችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ፈሰሰ። ባልዲው ዘንበል አለ፤ ነጭ እሳት መደቡ ላይ ተዘረጋ። ፊት ተጠበሰ፣ ጀርባ ቀዘቀዘ። ቶርጉን ቀለሙን አይታ «ጥሩ ነው፣ ሙቅ ነው» አለች። ቱቫ ቁጥሩን ጮክ ብላ መጥራት ጀመረች።

«ስድስት መቶ ሠላሳ። ሰባት መቶ አሥር። ስምንት መቶ ሰማንያ።»

ሃልቫር በዚህ መሃል መጣ። ከውጭ በኩል እያሰበ ገባ፣ እንደ ልማዱም በሩን ሊዘጋ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። እጁ አየር ጨበጠች። አሁንም ጨበጠች። ዞር ብሎ ሲያይ በር የለም።

«በሩስ?»

«ዘጠኝ መቶ ስድሳ!» አለች ቱቫ።

«ቶርጉን፣ በሩ የት ሄደ? በረዶ ቢገባስ? ውሃና የቀለጠ ሲሊከን ከተገናኙ ፍንዳታ...»

«እኔን ነው የምታስተምረኝ?» አለች ቶርጉን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ውጭ አምስት ሜትር የቆርቆሮ ጥላ አለ። በሩ ብየዳ ላይ ሳለ ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ዝም ብለህ ቁም።»

ሃልቫር ዝም ብሎ ቆመ።

«ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት።» ቱቫ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ... አራት።»

ንፋሱ አርፏል። ሁሉም ሰማው፤ ፉጨቱ ቆሟል። ቶርጉን ከሰሌዳው ጀርባ ሄዳ በሌለው በር አፍ ላይ ቆመች። ፊዮርዱ እንደ መስታወት ተኝቷል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸውና ስትዘጋበት የኖረችውን ብርድ አሁን እንደ ሰው ለመነችው፤ ና፣ ዛሬ ብቻ ና አለችው።

«መጣ!» ብሎ ጮኸ አርንፊን ከላይኛው መስኮቱ። «ከወዲያ ማዶ ውሃው ጠቆረ! እየመጣ ነው!»

ጠቆር ያለው መስመር ውሃውን እያሻከረ ፊዮርዱን አቋረጠ፣ በጥላው ሥር ገባ፣ የቶርጉንን ጸጉር ወደ ኋላ ገለበጠና ክንፎቹን መታቸው። ፉጨቱ እንደገና ተነሳ።

«አንድ ሺህ ሦስት! አንድ ሺህ ሰባ! አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና! አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር!» በቱቫ ጸጉር ውስጥ የነበሩት ሁለት እርሳሶች ወደቁ። እልልታ በኛ አገር ልማድ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን ሰዉ ምን እንዳለ እንጃ፣ ከእቶኑ ጩኸት በላይ ተሰማ።

«ሰዓቱን ያዢ» አለች ቶርጉን፤ «እስካሁን ያለው አይቆጠርም።» መጋገሪያዋን ከሰሌዳው በሚመጣው ሽቦ ላይ ሰካች። ቀይዋ መብራት በራች። በሄል የሸተተው ሊጥ ሲፈስበት ሺ... አለ። አሥራ ስምንት ሰው አንዲት የዋፍል መጋገሪያ ከቦ እንደ ሕፃን ልጅ ሲጠብቅ ማየት ደስ ይላል፤ ቢስቁም ከልባቸው ነው።

የመጀመሪያው ዋፍል ሁልጊዜ አያምርም። ይህም ጎኑ ተቀዶ፣ አንዱ ጥግ ገርጥቶ፣ ሌላው አርሮ ወጣ። ቶርጉን ለብቻው አስቀመጠችው። ሁለተኛው ወርቅ ሆነ። የአገራችንን ጣፋጭ ቡናማ አይብ በስሱ ቆርጣ አልብሳ ለሃልቫር ሰጠችው። ሦስተኛው ለቱቫ፣ አራተኛው ለመደቡ ሰዎች። ሃልቫር አፉ ሙሉ እያለ ሰዓቱን ተመለከተ፣ ስክሪኑን ተመለከተ። ስልሳኛው ደቂቃ ሲሞላ አንድ ሺህ ስልሳ ይል ነበር፤ አንድ ጊዜም ከሺህ አልወረደም።

ሃልቫር እጁን አፋተገ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከብርድ ነው። «አሥር ሌሎች ይታዘዛሉ» አለ። «የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋል። በሥራው ከአንቺ በላይ የተሳሳተ ሰው ስለሌለ፣ ከአንቺ በላይ የሚያውቀውም የለም።»

ሃልቫር በዕድሜው ከተናገረው ነገር ሁሉ ጥሩው ይህ ነበር።

«በሩ አይመለስም» አለች ቶርጉን።

«አይመለስም።»

«የዕረፍት ክፍሉ ግን በር ይኑረው። ሰው ለቁራ አያሞቅም።»

ከክሬኑ መሰላል ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ። አርንፊን በዝግታ፣ እየቆጠረ እንደሚወርድ ሰው፣ ወረደ። ማንንም ሳያይ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የተደረደሩትን ሳህኖች አነሳ፣ ወደ ዕረፍት ክፍሉ ገባ። የውሃው ድምፅ ተሰማ። ከዚያም «ሳሙናው የት ነው?» የሚል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ጥያቄ ነበርና ማንም ወዲያው አልመለሰለትም፣ ይስቁ ነበር።

ቶርጉን የተቀደደውን የመጀመሪያ ዋፍል አነሳችና በር በሌለው በር ወጣች። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ብላ ነበር። ጣሪያው ላይ ቁራዎቹ እንደወትሮው ተደርድረዋል፤ አባቷ ሲያሳያቸው እንደነበሩት፣ ክንፋቸውን ዘርግተው። ዋፍሉን አራት ቦታ ቆረሰችና በረዶው ላይ አኖረችው። አንዱ ቁራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት፣ ከዚያ ዘሎ ወረደ።

«እንካ» አለችው ቶርጉን። «ጡረታህ ነው።»